ትኩሳቱ የማን ነው?

ልጄ ባስነጠሰ ቁጥር ጤና ጣቢያ የምሮጥ እናት ነኝ፤ የሰቆጣ ባጃጅ ሁሉ ያውቀኛል። መምህሩ ባሌም በዚህ ሲስቅብኝ ይውላል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ተውሶ መጣና አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጦ ይጽፍበት ጀመር። ብነካው እንደ ፍም ነው! «ኧረ የሰው ንብረት ይቃጠልብሃል!» ስለው፣ «አትጨነቂ፣ ሙቀቱን ራሱ ይናገራል» ብሎ ስክሪኑ ላይ ሰማንያ የሚል ቁጥር አሳየኝ። ፊደል ቢያስቸግረኝም ቁጥር አውቃለሁ። ሰማንያ ቢሆንማ እጄ ይላጥ ነበር! ባሌ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ የልጄን ቴርሞሜትር ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ሸጎጥኩት። አርባ አንድ! ውሸቱን ያዝኩበት ብዬ ደስ አለኝና፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ካልተራገፈ ቁጥሩ አይወርድም፤ ሳታራግፊ አትመልሺው» ያለችኝን ረስቼ እንዲያው መለስኩት።

ከሰዓት ልጁ ሲነጫነጭ ባሌ እየሳቀ፣ «አንቺ ተቀመጪ፣ ዛሬ እኔ እለካዋለሁ» አለኝ። ቴርሞሜትሩን ከልጁ ብብት አውጥቶ ሲያየው ሳቁ ጠፋ። «አርባ አንድ! ልጄን!» ብሎ ልጁን አቅፎ፣ በአንድ እግሩ የእኔን ነጠላ ጫማ አጥልቆ ሮጠ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ወዲያው መናገር ነበረብኝ፤ ግን ያ ሁሉ ሳቁ ታወሰኝና እስከ አጥሩ በር ለቀቅኩት። «አባቱ፣ ተመለስ! ትኩሳቱ የላፕቶፕህ ነው!»

ነገሩን ስነግረው እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለ። «አንቺ ሴት፣ ሰማንያው የሆድ ዕቃው ሙቀት ነው፤ አንቺ የለካሽው ቆዳውን ነው» አለኝ። ላፕቶፑን ግን ከጋቢው አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አደረገው፤ ቁጥሩም ወረደ። አሁን ልጁ ሲያስነጥስ ባሌ አይስቅም፤ ቴርሞሜትሩን አንስቶ ሦስት ጊዜ ያራግፋል።