የኢክራም ጉሮሮና የአያቷ ምስክርነት

በዚህ ጽሑፍ ለሐረር ሕዝብና ለመላው አንባቢ በክብር የምናስታውቀው፣ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ሕፃን ጉሮሮዋን መታመሟን ነው። ሌላ ምንም አልሆነም። ሊሆን የነበረውን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክር ልገዛ ሸዋ በር ገበያ ወጥቼ ሳለ ጎረቤቴን፣ አዛውንቱን አው ጀይላንን፣ ባጃጅ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ኢክራምን በሻሽ ጠቅልለው ታቅፈዋል። እናቷ ለንግድ ድሬዳዋ ወርዳለች።

«እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉኝ። «እንጥል ቆራጯ ዘንድ ልንሄድ ነው። ኢንሻአላህ ለዙሁር ሶላት እንመለሳለን።»

ይህን ሲሉ ነርስነት የምትማረው የጎረቤታችን ልጅ ነፃነት ደብተሯን አቅፋ ደረሰች።

«አው ጀይላን! በምላጭ ሊያስቆርጧት?»

«ታዲያ በመጋዝ ይሁን?»

«ከስንት ልጅ አፍ የወጣ ምላጭ እንደሆነ ያውቃሉ? ደሙ አልቆም ቢልስ?»

«እኔ በሦስት ዓመቴ ተቆርጬ ይኸው ሰባን አልፌያለሁ፤ ጉሮሮዬ ታሞ አያውቅም። ምስክሩ እኔው ነኝ።»

ይህንን ምስክርነት በሠርግም በለቅሶም ሰምተነዋል። በእሱ የተነሳ ከሰፈራችን ስንት ልጅ ወደ ቆራጯ እንደተወሰደ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

ነፃነት አልተበገረችም። «እንጥል ጥፋቱ ምንድን ነው? ጉሮሮ ሲያብጥ አብሮ ያብጣል። ዓይንዎ ቢቀላ ሽፋሽፍትዎን ያስቆርጣሉ? አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የጉንፋን ነው፤ ሳልና ንፍጥ ይዞ ይመጣል፤ ትኩስ ነገር እየጠጡ፣ በጨው ውኃ እየተጉመጠመጡ ሲቆዩ በራሱ ይለቃል። ኢክራም ግን አታስልም። ትኩሳት አላት፣ አንገቷ ላይ ንፍፊት አውጥታለች። የባክቴሪያ ከሆነና ካልታከመ ልብ ድረስ ሊደርስ ይችላል።»

«ከጉሮሮ ተነስቶ ልብ? ባጃጅ ተሳፍሮ ነው?»

«የመርየምን ልጅ ይጠይቁ።»

አው ጀይላን ፈገግታቸው ጠፋ። የሰፈራችን የመርየም ልጅ ደረጃ መውጣት አቅቶት ከትምህርት የቀረ፣ ልቡ የታመመ ልጅ ነው። ሐኪሞቹ መነሻው በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው ብለዋታል።

እኔም ይኼኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ለአንድ ሱሪ ሦስት ጊዜ የሚያስለኩኝ ሰውዬ፣ የልጅቱን ጉሮሮ ማንም ሳያየው ሊያስቆርጡ! ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ደግሞ» አለች ነፃነት እየጋለች፣ «በግምት መድኃኒት የሚያድለውም ያው ነው! የተረፈውን እንክብል ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ከቆራጯ በምን ይሻላል?»

አው ጀይላን ልጅቱን አዩ። «በይ እሺ። ጤና ጣቢያ ውሰጂን።»

አብረን ሄደን ጤና ጣቢያ ያገኘነው ጤና መኮንን ሥራዬ የሚባል ትሑት ሰው ነው። «መድኃኒት ወስዳለች?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ ምንም» አሉ አው ጀይላን።

«ወስጃለሁ» አለች ኢክራም በሰለለ ድምፅ። «ነፃነት ትናንት ከቦርሳዋ ሰጠችኝ። ቀይና ቢጫውን እንክብል ከፍታ፣ ዱቄቱን በማር።»

ነፃነት የደብተሯን ሽፋን ማንበብ ጀመረች። ሽፋኑ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ሥራዬ አልተቆጣም። የባክቴሪያ ከሆነ የሚታዘዝላትን መድኃኒት፣ ቢሻላትም እንኳ ሳታቋርጥ እንድትጨርስ፣ ካልሆነም በከንቱ እንዳትወስድ ነገረን። ምራቋን መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃታት ግን በቶሎ አምጧት አለ። እነሆ ጥቅሙ፦ ደም የለም፣ ምላጭ የለም፣ ልብም ይተርፋል። አው ጀይላን ከእንግዲህ ሰፈሩን ሁሉ ራሳቸው እንደሚመክሩ ቃል ገቡ።

«በይ አፍሽን ክፈቺ» አላት ሥራዬ።

ኢክራም ከንፈሯን ገጠመች። «አያቴ መጀመሪያ።»

አው ጀይላን ጎንበስ ብለው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱላት። ሥራዬ ባትሪውን አበራ። ልጅቱ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች።

«አያቴ፣ ይኼ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«እንጥል ነዋ» አላት ሥራዬ፣ የአው ጀይላንን ምስክርነት ሳያውቅ። «ምንም ያልነካው፣ ጤነኛ እንጥል።»

አው ጀይላን አፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉ።

«እናቴ ተቆርጦልሃል ነበር የምትለኝ» አሉ። «ለጎረቤቱም፣ አስቆርጪው እያለች ለምትጨቀጭቃት አያቴም እንደዚያው ነበር የምትናገረው። አላህ ይዘንላትና።»

ኢክራም አፏን ከፈተች።