ሐኪሟን የፈተኑት አባት

በ1999 ዓ.ም. የታመመ ባልደረባዬን ልጠይቅ ዲላ ሆስፒታል ስሄድ፣ ጎረቤቴ ባለሱቁ ጋሽ ሠረቀብርሃን ልጃቸውን ይርጉን ባጃጅ ላይ ሊያሳፍሩ ሲታገሉ በሩ ላይ አገኘኋቸው። ይርጉ ወታደር ነው። ፊቱ አብጧል፤ ጉሮሮው ተዘግቶ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶታል። እናቱ እትዬ ገነት በነጠላቸው አፉን ይጠርጉለታል።

«ሳይሻለው ወዴት ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ወናጎ አንድ አዋቂ አለ፤ ሳይነግሩት ይናገራል። ይቺ ሐኪም ግን የት ነበር፣ ምን በላ፣ የት ተኛ እያለች ታደርቀኛለች። ካላወቀች ነጭ ጋዋኑ ምን ያደርግላታል?»

«ታዲያ ምን መለሱላት?»

«ቤቱ ነበር አልኳት። ሐኪም ከሆነች ራሷ ታግኘው ብዬ ፈተንኳት!»

ክው አልኩ። ይርጉ ከሰላም ማስከበር በቅርቡ መመለሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልናገር አፌን ስከፍት ወጣቷ ሐኪም፣ ዶክተር ሲፈን፣ እየሮጠች ደረሰች።

«አባባ፣ የወባውም የታይፎይዱም መድኃኒት አልሠራለትም። እባክዎ አይውሰዱት።»

«መሣሪያሽ ይንገርሽ እንጂ!»

«መሣሪያ የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሰው። ደንበኛ ሱቅዎ መጥቶ ‹ስጡኝ› ብሎ ዝም ቢል፣ ምን ያነሱለታል?»

ዓይኗ ግን ምራቁን በሚጠርጉት በእትዬ ገነት እጅ ላይ ነበር። «የምፈራው ዓይነት በሽታ ከሆነ በምራቅና በደም ይተላለፋል። እናቱንም እንዳናጣቸው።»

ያን ጊዜ ጋሽ ሠረቀብርሃን የይርጉን ክንድ ለቀቁ። «ላይቤሪያ ነበር» አሉ። «‹የምንተኛው እህል መጋዘን አጠገብ ነው፤ አይጡ ሩዛችን ላይ ይጨፍራል› እያለ ያስቀን ነበር።»

«አይጥ?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በዚያ አገር አይጦች ሽንት ውስጥ የሚገኝ ቫይረስ አለ፤ ላሳ ይሉታል። አይጧን ምንም አያደርጋት፤ ሰውን ግን ይገድላል።»

ዓይን የማያየው ነገር ስንት አገር አቋርጦ ዲላ ገብቷል፤ ይቺ ልጅ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ደረሰችበት። ይገርማል!

ይርጉ ለብቻው ክፍል ገባ፤ እናቱ ክትትል ተደረገላቸው። ደሙ በአዲስ አበባ በኩል ውጭ አገር ሲላክ፣ መድኃኒቱ ውጤት ሳይጠበቅ ተፈልጎ መጣለት። ውጤቱም ሲፈን የጠረጠረችው ሆነ። እናትየውን አልያዛቸውም፤ ሰፈሩም ተረፈ። አንባቢ ሆይ፣ ከሩቅ አገር ተመልሰህ ቢያተኩስህ የነበርክበትን ሳትጠየቅ ተናገር፤ ያንተም የአስታማሚህም ነፍስ በዚያች ቃል ትተርፋለች።

ይርጉ ዳነ፤ አንድ ጆሮው ግን መስማት ተሳነው። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት አባትየው እየፈሩ ጠየቋት።

«ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ብነግርሽ ኖሮ ጆሮው ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም፣ አባባ» አለች።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት።