የወይዘሮ ትብለጽ አብርሃ ሁለት ሕመሞች

ወይዘሮ ትብለጽ አብርሃ ከአባታቸው ከአቶ አብርሃ ገብረዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምብራት አጽብሐ በ1936 ዓ.ም. አፍንጮ በር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በዐሥራ አንድ ዓመታቸው የሚጥል በሽታ ያዛቸው፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የስኳር በሽታ ተጨመረባቸው። ቤተ ዘመድ የሁለት ጠላት ሥራ ነው ሲል፣ ሐኪማቸው ግን የሰውነት መከላከያ በገዛ ባለቤቱ ላይ ሲነሣ ሁለቱ ሕመሞች አንዳንዴ አብረው እንደሚታዩ፣ የዚህም ምክንያት ገና ተጣርቶ እንዳልታወቀ አስረዱ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ወንድማቸው መድኃኔ ያን ቀን አንድ ትእዛዝ ተቀበለ፦ እኅቱ ሲወድቁ ግንባራቸውን እንዲዳስስ፣ ላብ ካለ ስኳር አንሷቸዋልና ወደ ሐኪም ቤት እንዲያሮጣቸው፣ ከሌለ ግን የቆየው ሕመም ነውና በጎናቸው አስተኝቶ እንዲጠብቅ።

በፒያሳ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ሲሠሩ፣ በወደቁ ቁጥር ክብሪት ጭረው የሚያሸቷቸውን ባልደረቦች፣ ከአብዮቱ ወዲህ ሲነቁ ክብሪት በራሽን መሆኑን ያስታውሷቸው ነበር። በ1961 ዓ.ም. ሕመማቸውን እያወቁ የጠየቋቸውን የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ዘበነን አገቡ። ሲያንሳቸው የሚቀምሷትን ስኳር ለመግዛት በቀበሌው ሱቅ ተሰልፈው ሳለ፣ አንዲት ጎረቤት "እትዬ ትብለጽ፣ እርስዎማ ሞልቶ ተርፎዎት የለም እንዴ?" ቢሏቸው፣ "የእኔን የሚቀዱበት ቧንቧ ቢገኝ ይህ ሁሉ ሰው ቤቱ ይገባ ነበር" ብለው መልሰዋል።

ሐኪሙ ጾምን ቢከለክሏቸውም የስቅለትን ስግደት ማንም ሊያስተዋቸው አልቻለም። ባለፈው ዓርብ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ የጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ ጊዮርጊስ ሲሰግዱ ቆይተው ስምንት ሰዓት ላይ ወደቁ። መድኃኔ ግንባራቸውን ዳሰሰ፤ ላብ ነበር። በዚያ ቅጥር ውስጥ ግን ያላላበው ግንባር አልነበረም፣ የራሱም ጭምር። ስለዚህ የቆየው ሕመም ነው ብሎ ነጠላቸውን አልብሶ ጠበቀ፤ ሊረዱ የቀረቡትንም "ተዉአቸው፣ አሁን ያልፍላቸዋል" ብሎ መለሰ። የጠበቀው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐኪም ቤት ግሉኮስ ቢሰጣቸውም ሳይነቁ፣ በፋሲካ ማግስት በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ትብለጽ ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውንና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን አዲስአለምን ትተው ተለይተውናል። አዲስአለም ከአምና ጀምሮ የስኳር መርፌ ትወጋለች፤ ይህም በአባቷ ፈቃድ የተነገረ ነው። ወድቃ ያገኛችኋት ሁሉ፣ ላብ ኖረም አልኖረም፣ ተሸክማችኋት ሩጡ፤ ጠብቁ የሚላችሁን አትስሙ፣ መድኃኔም ቢሆን።

እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ መውደቅ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።