ወለሉ አሮጌ ነው የተባለበት ሰርግ

በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ የኤግሊንተን ዌስት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ልጇን ጣልያን አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ድራ መመለሷ ነው።

«አበልጄ፣ ክርስትና ያነሳኋትን ልጅ ያለ እኔ ዳርሻት?»

«ምን ላድርግ? የተደገሰበት ግንብ የጥንት ነው። ወለሉ እንዳይጎዳ ሰው አይብዛ አሉ።»

«ጭፈራስ?»

«መዝለል ክልክል ነው።»

«እልልታስ?»

«የጣራው ሥዕል ይረግፋል ስላሉን በቀስታ አልን።»

«በቀስታ እልል ይባላል? እሰይ፣ ደግ አደረጉ!»

«አትቅኚ እንጂ። እንኪ፣ ፎቶውን እዪ።»

«ውይ፣ ሲያምር! ይህቺ ከክርስትና ልጄ ጎን የቆመችው ማናት?»

«የሙሽራው እናት ጓደኛ ናት።»

«እሷን ወለሉ ቻላት?»

እኔም ፎቶው ላይ ያለችውን የሴትየዋን ውፍረት ለማየት ከኋላቸው አንገቴን አሰገግኩ።