ፒየር ላይ የቆመ ቆጠራ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። የተዋወቁት እዚያው ነው።

«አሜሪካ ያለችው ልጄ ልታገባ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እሰይ አባባ። ያገር ልጅ ነው?»

«የለም፣ የዚያው ነው። በስልክ ሰባት ቤት ቁጠር አልኩት፣ እሷ እያስተረጎመች።»

«ከፈረንጅ ጋር ምን ዝምድና ይኖራችኋል ብለው ነው?»

«ሳይቆጠር በምን ይታወቃል።»

«ቆጠረ ታዲያ?»

«አምስተኛው ላይ ቆመ። ፒየር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በመርከብ አሜሪካ ገብቶ ዳቦ ቤት ከፈተ፤ እዚያው አግብቶ ስምንት ልጅ ወለደ። ፎቶውንም ልከውልኛል። ሽርጥ እንዳሸረጠ ልጆቹን በቁመታቸው ደርድሯቸዋል።»

«የፒየርስ አባት?»

«አይታወቅም። እሱ አልነገራቸውም፣ ልጆቹም አልጠየቁት።»

«አገሩ ርቆበት ይሆናል።»

«ርቆበት ነው።»

«እና ከለከሏቸው?»

«ምን ብዬ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ ባሕር ከለያችሁ ይበቃል አሉኝ። መረቅኳቸው።»



«የልጅዎ የልጅ ልጆችም አንድ ቀን ይቆጥሩ ይሆናል እኮ፣ አባባ።»

«ይቆጥራሉ። ልጄ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። በአውሮፕላን መጣች ይላሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ የፒየር አባት ነኝ።»

የአያቴን አባት ስም ለማስታወስ እየሞከርኩ አምደወርቅ ደረስኩ።