ሁለት ጊዜ የቀረ ቀጠሮ

ሊፍት ጠጋኙ አዛውንት የሆስፒታሉን ሊፍት አቁመው ሽቦውን በጨርቅ እየጠረጉ ሲመረምሩ፣ ቀና ቢሉ የሟች ወንድማቸው ልጅ ፊታቸው ቆማለች። ነርስ ናት። የአንጀት ካንሰር ምርመራ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አስይዛላቸው፣ አንዱን በጉንፋን ሌላውን በሥራ አሳበው ቀርተዋል። ዛሬም እንዳታገኛቸው ብለው በጓሮ በር ነበር የገቡት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሊፍት ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። በየወሩ ይታያል።»

«ደህና ሆኖ ሳለ?»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። «ሽቦ አያፍርም፣ ልጄ። ሱሪህን አውልቅ አይባልም።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ታስረዳቸው ጀመር። እንደ እሳቸው ወንድሙ በአንጀት ካንሰር የሞተበት ሰው ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በመቀመጫ በኩል ሲገባ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል፤ የሚያስመርረው የዋዜማው የሆድ ማጽጃ ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተገኘ እብጠት እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። እሳቸው ሆዴን አያመኝም ብለው ተከራከሩ፤ እሷም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ እንደማያም መለሰች። ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ ሦስተኛው ቀጠሮም በቀረ ነበር። የተማረ ሰው ማስረጃ ስለደረደረ ብቻ ፍርሃት ከልብ አይወጣም።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። የሚፈሩት ምኑን ነው?»

ጨርቁን አጣጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት።

«አባትሽ ደም ማየቱን ለእኔ ነግሮኝ ነበር። ኪንታሮት ነው፣ ያልፋል አልኩት። አመነኝ። አሁን እኔ ሄጄ፣ በጊዜ መጣህና ተረፍክ ቢሉኝ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

ይህን አታውቅም ነበር። ተናደደች፣ አለቀሰችም፤ ንዴቷን ግን ለሌላ ቀን አቆየችው።

«አባቴን አንዴ አጥቻለሁ። እርስዎንም በሐፍረት ካጣሁ ያን ጊዜ ነው ይቅር የማልልዎት።»

በሳምንቱ ሄዱ። ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ተቆርጠው ወጡላቸው። በላቦራቶሪ ሲታዩ ካንሰር አልነበሩም፤ ቢቆዩ ግን ሊሆኑ ይችሉ ነበር ተባለ።

ሥራ ሲመለሱ ባልደረቦቻቸው ምሳ ላይ በቱቦው ነገር ቀለዱባቸው። አብረው ሳቁ። ከዚያ ምርመራው እንደሚባለው አስፈሪ እንዳልሆነ፣ ሳይታመሙ መሄድ ዕድሜ እንደሚያተርፍ፣ ሃምሳን የተጠጋም ቤተሰቡ ውስጥ በሽታው የታየበትም ሐኪም ማማከር እንዳለበት አንድ በአንድ ነገሯቸው።

«ደም ያየ ካለ ግን ለእኔ አይንገረኝ» አሉ። «ወንድሜ ነግሮኝ ቀብሬዋለሁ። ለሐኪም ንገሩ።»