ሳልጠይቅ የሞላሁት ቅጽ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ማኅደር፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውን አልብሳችሁኛል፣ ኬኩንም ቆርሻለሁ። ዶክተር ደግሞ "ተስፋጽዮን፣ አጠር አድርገው፤ ሰው ተርቧል" ብለውኛል። እሺ። ግን ምስጋና ብቻ ተናግሬ ብቀመጥ ዋሾ ነኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት አገልግያለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሳንባ መለኪያ ክፍል ነበርኩ፤ ኮሮና ጥሏቸው በኦክስጅን የተረፉትን ሰዎች ትንፋሽ ስለካ። "ንፋ! ንፋ! አታቁም!" እያልኩ ስጮህ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል አሉ። አንዲት እናት "ልጄ፣ እሳት ነው እንዴ የማቀጣጥለው?" ብለውኝ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ። ከዚህ በኋላ የሚያስቅ ነገር የለም።

ሙነወርን ታስታውሱታላችሁ፤ ላምበረት መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተኝቶ የተነሣ ሰው። የጫኞቹ ማኅበር "ጤነኛ ነህ የሚል ወረቀት ካላመጣህ ሥራ የለም" ብሎት መጣ። ነፋ፤ ቁጥሩ ክፉ አልነበረም። ከዚያ መጠይቁ ቀረ፤ አሥራ ሁለት ጥያቄ። ስትታጠብ ትንፋሽ ያጥርሃል? ልብስ ስትለብስ ታርፋለህ? እንቅልፍስ?

እኔ ምን ብዬ ጠየቅሁት? "እንዴት ነህ ሙነወር?"

እሱስ? "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

ጎበዝ፣ እዚህ አገር "እንዴት ነህ" ሲባል "ልሞት ነው" የሚል ማን አለ? እያጣጣረም ቢሆን ያመሰግናል! ይህን እያወቅሁ በአሥራ ሁለቱም ላይ "ችግር የለም" ብዬ ሞላሁ። ስድስት ደቂቃ አራምጄ ማየትም ነበረብኝ። ኮሪደሩን ሰው ሞልቶት ስለነበር ተውኩት፤ "ተራምዷል" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ኩንታል ተሸክሞ የአውቶቡስ መሰላል ላይ እንዳለ ትንፋሹ ከዳው። ኩንታሉ ታች የነበረውን ጓደኛውን ትከሻ ሰበረው። "የጤና ወረቀት ይዘህ ትለግማለህ!" ብለው ሌሎቹ ጫኞች በቡጢና በእርግጫ ደበደቡት። ደሙን እያዘራ እኔ ጋ መጣ። መለኪያውን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው፤ ከዚያ ጉሮሮዬን አነቀኝ። "እስቲ አንተ ንፋ! ንፋ! አታቁም!" ይለኛል። ዓይኔ ጨለመ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ እጁ ላላ። እሱም ትንፋሽ አጥሮት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጥበቃችን አብዲሳ ዱላውን ይዞ ሲገባ ሰውየውን አየና ቆመ። "ምን ላድርግ ጋሼ?" አለኝ።

"በለው!" አልኩት። እኔ! የሰው ትንፋሽ ሳተርፍ ኖርኩ የምለው እኔ! ሁለቴ አሳረፈበት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለፖሊስ ምን አልን? "ሰክሮ መጣ፤ ራሳችንን ተከላከልን።" ፈረምኩ። ከእናንተም ሦስታችሁ ሳታዩ ለእኔ ስትሉ ፈረማችሁ። ዶክተር፣ አይቆጡኝ፤ ልጨርስ። ሙነወር መጠጥ ቀምሶ አያውቅም! ባለፈው ሳምንት ሚስቱን ዘሃራን ገርጂ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጁን አንሥቶ ማቀፍ አቅቶታል። አሁን ደግሞ ልታሳስሩት ነው?" አለችኝ። አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት አለ። በሙነወር ላይ የሚመሰክረው እኔ ነኝ፤ የተጠራሁት ለዚያ ነው። ሄጄ ግን ቅጹን ሳልጠይቅ እንደሞላሁ፣ "በለው" ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ። ከፈለጉ ይሰሩኝ። አብዲሳ፣ በሩ ላይ ሆነህ እየሰማኸኝ ነው፤ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፣ ለብቻህ አትጠየቅም። የፈረማችሁትን በስም አልጠራም። ቃላችሁን ለማስተካከል እስከ ሰኞ ጊዜ አላችሁ።

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የልጆቻችሁን ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ። እጃችሁ የገባ በሽተኛ ሁሉ ድኖ ይውጣ። እኔ የሠራሁትን ከመሥራት ይጠብቃችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልቀመጥ። ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ሙነወር ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ አይወጣም። ተሸክመን እናውጣው ብዬ ዘሃራን ለምኜ እሺ አሰኝቻታለሁ። ግን እኔ ስልሳ ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን አልችለውም።